ከኮምቦልቻ እስከ ላሊበላ፦ የአየር ርቀትና የበረራ ጊዜ

(በደሴ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤

ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ጉዳይ በወሎ ምድር የሚገኙ ሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎችን የሚያገናኝ አንድ ቀጥታ መስመር ነው። መስመሩ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናል፤ ደሴንና ኩታበርን በስተግራው ትቶ፣ የደላንታን ደጋ ከወገልጤና በስተምሥራቅ አቋርጦ፣ የጅጣን ወንዝ ገደል ተሻግሮ ላስታ ውስጥ ሹምሸሃ ሜዳ ላይ ያበቃል። ሹምሸሃ የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኝበት ቦታ ነው። በካርታ ላይ ይህን መስመር ማስመሪያ ይዞ የሚስል ሰው አንድም ዋና መንገድ ተከትሎት እንደማይሄድ ወዲያው ያያል። በመኪና የሚጓዝ ሰው አገሩን ዞሮ የሚደርስበትን አውሮፕላን ብቻ ነው አቋርጦ የሚደርስበት።

መስመሩ ስንት ኪሎ ሜትር ይረዝማል? አውሮፕላንስ በስንት ደቂቃ ይጨርሰዋል? ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የመጀመሪያው በእርግጥም ቀላል ነው፤ እርሳስና ወረቀት የያዘ ተማሪ ሁሉ ሊመልሰው ይችላል። ሁለተኛው ግን ርቀትን ለፍጥነት በማካፈል ብቻ አይመለስም። ተራራው፣ የአየሩ ስስነት፣ መውጣቱና መውረዱ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ከዚያም አልፎ፣ ከደሴ ቤቱ ተነሥቶ ላሊበላ ለሚገባ መንገደኛ የጉዞውን ጊዜ የሚወስንለት የአውሮፕላኑ ፍጥነት ሳይሆን የበረራ መስመሮቹ አዘረጋግ መሆኑን በቁጥር ላሳያችሁ እፈልጋለሁ።

ከርቀቱ እንጀምር። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በ11.08 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ39.71 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ይገኛል። የላሊበላው በ11.97 ዲግሪ ኬክሮስና በ38.98 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ነው። የሁለቱ ልዩነት በኬክሮስ 0.89፣ በኬንትሮስ 0.73 ዲግሪ ይሆናል ማለት ነው። በእኛ አካባቢ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 110.6 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። የኬንትሮስ መስመሮች ከምድር ወገብ ወደ ዋልታዎቹ በሄዱ ቁጥር እየተቀራረቡ ስለሚመጡ፣ በወሎ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ ትንሽ ያጥርና 109.1 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ላሊበላ ከኮምቦልቻ 98.4 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን፣ 79.6 ኪሎ ሜትር ደግሞ ወደ ምዕራብ ትርቃለች። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የቀጤ ጎን ሦስት ማዕዘን ሁለት እግሮች አድርጋችሁ የፓይታጎረስን ሕግ ብትጠቀሙ፣ ሦስተኛው ጎን ወደ 127 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በአብራሪዎች መለኪያ 68 ኖቲካል ማይል ገደማ ነው፤ አንድ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነውና።

ከእናንተ መካከል አንድ ንቁ ተማሪ፣ ምድር ድቡልቡል ሆና ሳለ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የሚሠራ ሕግ እንዴት ልክ ሊሆን ቻለ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ርቀቱ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ቢሆን ኖሮ ስሌቱ ባልሠራ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚደረገውን በረራ የሚያሰላ ሰው የሉልን ጂኦሜትሪ መጠቀም ግድ ይለዋል፤ አጭሩ መንገድም በተዘረጋ ካርታ ላይ ጎብጦ የሚታየው ስለዚህ ነው። ለ127 ኪሎ ሜትር ግን የምድር ክብነት የሚያመጣው ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። አውሮፕላኑ ከፍ ብሎ በመብረሩ የሚጨመረው ርዝመትም እንዲሁ ነው፦ ከባሕር ጠለል በላይ በ6 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚበር አውሮፕላን፣ የምድር ራዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ መንገዱ የሚረዝምበት በሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ይህም በእኛ መስመር ላይ 120 ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሰው በሁለት ደቂቃ በእግሩ የሚሄደው ያህል።

በነገራችን ላይ ያ የ0.73 ዲግሪ የኬንትሮስ ልዩነት በሰማይም ይታያል። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ፀሐይ ለኮምቦልቻ ከላሊበላ ሦስት ደቂቃ ያህል ቀድማ ትወጣለች። ሰዓታችን አንድ ቢሆንም ንጋታችን ትንሽ ይለያያል።

አሁን ከፊታችሁ ወደ ተሰቀለው ካርታ ልመልሳችሁ። መጠኑ 1 ለ2,000,000 ስለሆነ አንድ ሴንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትርን ይወክላል። በቀጥታ የዘረጋሁት ቀይ ክር 6.3 ሴንቲ ሜትር ነው። ጥቁሩን ክር ግን የመኪናውን መንገድ እንዲከተል አድርጌ በመርፌ ሰክቼዋለሁ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ይወጣል፣ በሐይቅና በመርሳ በኩል ወልድያ ይደርሳል፣ ከዚያ በድልብ ወደ ደጋው ይወጣና ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ታጥፎ ላሊበላ ይገባል። ፈትታችሁ ብትዘረጉት ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ይኸውም 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። መንገዱ ከአየሩ ርቀት ከእጥፍ በላይ የሆነው መሐንዲሶቹ ማጠፍ ስለወደዱ አይደለም። በቀዩ ክር ሥር ያለው አገር የበሽሎና የጅጣ ወንዞች ገባሮች ቆራርጠው የጣሉት በመሆኑ፣ መንገዱ ቁልቁለቱ ከሚሻልበት ዳር ዳሩን ይዞ ለመሄድ ተገዷል።

ይህ አገር ርቀትን ወደ ጊዜ ሲለውጥ ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ ዐፄ ቴዎድሮስ በሚገባ ያውቁ ነበር። በ1860 ዓ.ም. ጋፋት ላይ ያስሠሩትንና ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በስድስት ወር ገደማ ነው። በቀጥታ ቢለካ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጊዜውን የበላው ርቀቱ አልነበረም፤ የጅጣና የበሽሎ ገደሎች ነበሩ። ሠራዊቱ ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ጠመዝማዛ መንገድ እየደለደለ ከዋድላ ወደ ጅጣ ወረደ፤ ወደ ደላንታ ወጣ፤ ደግሞም ወደ በሽሎ ወረደ። ዛሬ በአውሮፕላን መስኮት ወደ ታች የሚመለከት መንገደኛ የጅጣን ገደል ከአንዱ አፋፍ እስከ ሌላው የሚያቋርጠው ሻይ ቀዝቅዞ ከመጠጣቱ በፊት ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንገባለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምበት ባለ ሁለት ውልብልቢት ኪው 400 አውሮፕላን በሰዓት እስከ 667 ኪሎ ሜትር ይበራል። 127ን ለ667 አካፍለን በስልሳ ብናባዛ 11 ደቂቃ ተኩል ገደማ እናገኛለን። ይህን ቁጥር ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ተታልሏል። 667 ኪሎ ሜትር በሰዓት አውሮፕላኑ ከፍታውን ይዞ፣ ቀጥ ብሎ፣ ምንም ሳያግደው ሲበር የሚደርስበት ፍጥነት ነው፤ ከኮምቦልቻ ላሊበላ ባለው መስመር ላይ ደግሞ እንዲህ ያለው ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ እንመልከተው።

ኮምቦልቻ ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ሹምሸሃ ደግሞ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ሁለቱም ዝቅ ባለ ሜዳ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸውና በአጠገባቸው ያለው ግን ደጋ ነው። ከሹምሸሃ በስተሰሜን ምሥራቅ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት 4,260 ሜትር ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቆሟል፤ በጫማ 14,000 ገደማ ማለት ነው። በደመና ውስጥ በመሣሪያ እየታገዘ የሚበር አውሮፕላን በተራራማ አገር ላይ በመንገዱ አካባቢ ካለው ከፍተኛ ቦታ ቢያንስ 2,000 ጫማ ወይም 600 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መብረር አለበት። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የሚበር አውሮፕላን 16,000 ጫማና ከዚያ በላይ መውጣት ይጠበቅበታል። ለስሌታችን 18,000 ጫማ እንበል።

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ 12,000 ጫማ መውጣት አለበት። በደቂቃ በአማካይ 1,500 ጫማ ቢወጣ ስምንት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ሲወጣ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ስለሆነም በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደፊት የሚሄደው 55 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ለመውረድ ደግሞ አብራሪዎች በቃል የያዙት ሕግ አለ፦ ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ ቁልቁለት ሦስት ኖቲካል ማይል ያስፈልጋል። ከ18,000 ጫማ ወደ ሹምሸሃ ለመውረድ 11,500 ጫማ ስላለ፣ 34 ኖቲካል ማይል ተኩል ወይም 64 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መውጫውንና መውረጃውን ደምሩ፤ 119 ኪሎ ሜትር። ከ127 ኪሎ ሜትር ቀና ብሎ የሚበርበት ስምንት ኪሎ ሜትር ብቻ ቀረ! ያ የተወራለት የ667 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሠራበት አውሮፕላኑ መውረድ ይጀምራል።

መውረዱ ዘጠኝ ደቂቃ፣ ለማረፍ አቅጣጫውን አስተካክሎ ከማኮብኮቢያው ጋር እስኪገጥም ሌላ አምስት ደቂቃ ብንሰጠው፣ በአየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ 23 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ሞተር ተነሥቶ እስኪንደረደርና አርፎ እስኪቆም ያለው ሲጨመር ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይመጣል። ትኬት ላይ የሚጻፈው የበረራ ጊዜ ይህ ሁሉ የተደመረበት ነው እንጂ በአየር ላይ ያለው ብቻ አይደለም። እንግዲህ ትክክለኛው ጊዜ ከመጀመሪያው የ11 ደቂቃ ተኩል ስሌት ሁለት ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ወደ አውሮፓ በሚደረግ የስምንት ሰዓት በረራ ላይ ግን ይኸው መውጫና መውረጃ ከጠቅላላው ትንሽ ክፍል ብቻ ስለሆነ ርቀቱን ለፍጥነት ማካፈል ከእውነቱ ብዙ አያርቅም። በኮምፒውተር የሚሠሩ አንዳንድ ማስሊያዎች ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር አካፍለው ግማሽ ሰዓት የሚጨምሩት ይህን ለማካካስ ነው፤ በዚያ ዘዴ ለእኛ መስመር 40 ደቂቃ ገደማ ይወጣል፤ እውነቱም ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም።

ስለ አየሩ ስስነት አንድ ነገር ልጨምር፤ የፊዚክስ ተማሪዎች ልብ እንድትሉት። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው 82 በመቶ ያህል ብቻ ይመዝናል። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሣው በአየር ስለሆነ፣ ያንኑ ክብደት ለማንሣት አውሮፕላኑ አሥር በመቶ ያህል በበለጠ ፍጥነት መንደርደር አለበት፤ የሚንደረደርበት ርዝመትም ቢያንስ በአምስተኛ እጅ ይጨምራል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲጨምር አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። ደጋማ በሆኑ ማረፊያዎች ጠዋት መብረር የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በገደሎቹ ላይ የሚነሣው ነፋስም ሌላ ምክንያት ነው።

የነዳጁም ነገር አለ። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት እንደ ኪው 400 ያለ ባለ ተርባይን ሞተር አውሮፕላን መድረሻው ጋ ለመድረስና ማረፍ ቢያቅተው ወደ ሌላ ማረፊያ ለመሄድ ከሚያስፈልገው በተጨማሪ፣ ለመጨረሻ መጠባበቂያ የ30 ደቂቃ ነዳጅ መያዝ አለበት። በ23 ደቂቃ በረራ ላይ የመጠባበቂያው ነዳጅ ብቻ በደቂቃ ሲቆጠር ከጉዞው ይበልጣል ማለት ነው። ወሎ የበልግም የክረምትም ዝናብ የሚያገኝ አገር ስለሆነ፣ ይህ ለይስሙላ የተጻፈ ደንብ አይደለም፤ ጭጋግ የየጎፍንና የጦሳን ተራሮች ወገብ በሸፈነበት ጠዋት ያ ነዳጅ ሥራ አለው።

እስካሁን ያየነውን ይዘን አንድ ንጽጽር እናድርግ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በመጋቢት 1938 ዓ.ም. በአስመራ አድርጎ ወደ ካይሮ ሲያደርግ የተጠቀመበት ከጦርነቱ የተረፈው ባለ ሁለት ሞተር ዳግላስ አውሮፕላን በሰዓት 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበር ነበር። ከኪው 400 ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ፍጥነት ነው። በዚህ መስመር ላይ ቢበሩ ኖሮ ግን በሁለቱ መካከል የሚኖረው ልዩነት አሥር ወይም አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ የተሻሻለው የአውሮፕላን ሥራ ለኮምቦልቻና ለላሊበላ ከቡና ስኒ እስከ ቡና ስኒ ያለ ጊዜ እንኳ አላተረፈም። ያተረፈው ሌላ፣ ይበልጥም የሚያስፈልግ ነገር ነው፦ የተሳፋሪው ክፍል አየር ግፊቱ የተጠበቀ በመሆኑ በ18,000 ጫማ ላይ ያለ ኦክስጅን ጭንብል ተቀምጦ መሄድ መቻሉን፣ በደመና ውስጥም ተራራውን ሳይፈሩ ማለፉን።

ታዲያ ፍጥነት ይህን ያህል ጥቅሙ ትንሽ ከሆነ፣ የመንገደኛውን ቀን የሚበላው ምንድን ነው? የአገር ውስጥ በረራ በአብዛኛው አዲስ አበባን ማዕከል አድርጎ የተዘረጋ ነው። ቀጥታ በረራ ከሌለ፣ ከኮምቦልቻ ላሊበላ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ 253 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ቦሌ ላይ የሚቀጥለውን በረራ ይጠብቃል፤ ከዚያ 332 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ይመለሳል። 127 ኪሎ ሜትር የነበረው 585 ሆነ፤ ከአራት እጥፍ በላይ። ሁለቱ በረራዎች ለየብቻቸው ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጡም፤ መጠበቂያው ግን ግማሽ ቀን ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት አለ፤ ከሹምሸሃ ወደ ላሊበላ ከተማም ወደ ሃያ አምስት የሚጠጋ ኪሎ ሜትር ዳገት አለ፤ ቀደም ብሎ ማረፊያው መድረስም አለ። ሁሉም ሲደመር በመኪና ከሚፈጀው ሙሉ ቀን እምብዛም አይሻልም። ወላጆቼ፣ እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፦ ትኬት ላይ የሚታየው ሰዓት ከእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ይቀድማል፤ 07:30 የሚል ትኬት የያዘ ሰው የሚበረው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ይህን ባለማወቅ በረራ ያመለጣቸው ሰዎች አሉና ለሽማግሌ ወላጆቻችሁ ንገሩልኝ።

ስለዚህ እኔ የማምንበትን በግልጽ ልናገር። በሁለቱ የወሎ ከተሞች መካከል የሚጎድለው ፈጣን አውሮፕላን አይደለም፤ የሚጎድለው መስመሩ ነው። ቁጥሩን እዩት። አንድ አውሮፕላን ወደ ኮምቦልቻ ደርሶ ቢመለስ፣ ሌላውም ወደ ላሊበላ ደርሶ ቢመለስ፣ ሁለቱ በድምሩ 1,170 ኪሎ ሜትር ይበራሉ። አንዱ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ላሊበላ፣ ከላሊበላ አዲስ አበባ ቢዞር ግን 253፣ 127ና 332 ተደምሮ 712 ኪሎ ሜትር ነው። 458 ኪሎ ሜትር ይቀራል፤ ሁለቱም ከተሞች በረራ ያገኛሉ፤ በመካከላቸውም ቀጥታ መንገድ ይከፈታል። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን አንድ በአንድ እየነካ የሚሄድ በረራ በአገራችን የኖረ ነው።

ዋጋም ያስከፍላል። በሁለት አውሮፕላን የነበረው ወንበር ወደ አንድ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሁለቱንም በረራ ለብቻ የሚሞላ ተሳፋሪ ባለበት ወቅት አያዋጣም፤ ተሳፋሪ በሚሳሳበት ወቅት ነው ጥቅሙ። በገና ሰሞን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከደላንታ፣ ከአምባሰል፣ ከወረኢሉ በእግራቸው ቀናት ተጉዘው ለልደት ላሊበላ የሚደርሱ ምእመናን ብዙ ናቸውና፣ በእነዚያ ቀናት ተጨማሪ በረራ እንጂ ቅነሳ አያስፈልግም። ሌላው ችግር መዘግየት ነው፦ ጭጋግ ኮምቦልቻን ቢዘጋው ላሊበላ የሚጠብቀውም ሰው አብሮ ይዘገያል። ለዚህ ግን መፍትሔው በስሌቱ ውስጥ አለ። ዙሩ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄድ ርቀቱ ያው 712 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ በክረምት ጠዋት አውሮፕላኑ መጀመሪያ ላሊበላ ሊያርፍ፣ ጭጋጉ ከየጎፍ ላይ እስኪገፈፍ ጠብቆ ከረፋዱ በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ሊወርድ ይችላል።